ጂኦጀብራን በኢንቨርስ ፋንክሽን ስንፈትነው

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን «ኢንቨርስ ፋንክሽን ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ከአብዛኞቹ የማገኘው መልስ «ኤክስንና ዋይን ማቀያየር ነው» የሚል ነው። መልሱ ፈጽሞ ስሕተት ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የሚነግረን እጃችን ወረቀት ላይ ምን እንደሚሠራ እንጂ ነገሩ ራሱ ምን እንደሆነ አይደለም። በዚህ መልስ ብቻ የተማረ ልጅ ቀላሉን ጥያቄ ይመልሳል፤ ጥያቄው ትንሽ ጠመም ሲልበት ግን መያዣ መጨበጫው ይጠፋዋል። ስለዚህ አንድን የሂሳብ ማስተማሪያ መሣሪያ ስመዝን የምጠይቀው ይህንን ነው፦ ኢንቨርስ ማለት የተሠራን ሥራ መልሶ መቀልበስ መሆኑን፣ አንዳንድ ሥራ ደግሞ እንዳለ ሊቀለበስ የማይችል መሆኑን ተማሪው በዓይኑ እንዲያይ ያደርገዋል ወይ? በዚህ ግምገማ ጂኦጀብራ የተባለውን የግራፍና የአልጀብራ መተግበሪያ በዚህ ጥያቄ ብቻ እመዝነዋለሁ። ስለ ስታቲስቲክሱና ስለ ሌሎች ክፍሎቹ አልናገርም።

ጂኦጀብራ ማርከስ ሆሄንዋርተር እ.ኤ.አ. በ2001 በኦስትሪያ ሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ዲግሪ ማሟያ የጀመረው ሥራ ነው። ስሙ ጂኦሜትሪና አልጀብራ ከሚሉት ቃላት የተገጣጠመ ሲሆን አሠራሩም እንደ ስሙ ነው፤ አንዱ ነገር በአንድ በኩል በቀመር፣ በሌላ በኩል በሥዕል ይታያል፣ ቀመሩን ስንለውጥ ሥዕሉ ወዲያው አብሮ ይለወጣል። ለትርፍ ላልሆነ አገልግሎት ክፍያ አይጠየቅበትም፤ በኮምፒውተር ብራውዘርም ሆነ በስልክ ላይ ይሠራል።

የማስተምረው ሁልጊዜ ከቋጠሮ በመነሳት ነው። ሁለት ቋጠሮ የተቋጠረበትን ገመድ የሚፈታ ሰው መጀመሪያ የሚፈታው መጨረሻ የተቋጠረውን ነው። ኤፍ(ኤክስ) = 2ኤክስ + 3 የሚለው ፋንክሽንም (ፋንክሽን ማለት የገባለትን እያንዳንዱን ቁጥር ወደ አንድ ቁጥር ብቻ የሚለውጥ ሕግ ነው) እንዲሁ ሁለት ቋጠሮ አለው፤ መጀመሪያ በ2 ያበዛል፣ ቀጥሎ 3 ይደምራል። 1 ብናስገባ 5 ይወጣል፤ 4 ብናስገባ 11 ይወጣል። ከ5 ተነስተን ወደ 1 መመለስ ከፈለግን መጀመሪያ 3 እንቀንሳለን፣ ከዚያ ለ2 እናካፍላለን። ስለዚህ ቀልባሹ ፋንክሽን (ኤክስ − 3) ÷ 2 ነው። ይህን ለማወቅ ኤክስንና ዋይን ማቀያየር እንኳ አላስፈለገንም።

እዚህ ላይ የጂኦጀብራ ጥቅም መታየት ይጀምራል። በመስመሩ ላይ ኤ የምትባል ተንቀሳቃሽ ነጥብ እናስቀምጣለን፤ ከዚያም በቀመር ማስገቢያው ላይ የመጀመሪያ ቁጥሩ የኤ ዋይ፣ ሁለተኛ ቁጥሩ የኤ ኤክስ የሆነ ሌላ ነጥብ እንጽፋለን። ይህ ሁለተኛ ነጥብ በሄደበት ሁሉ አሻራ እንዲተው እናዝዘዋለን። ተማሪው ኤን በጣቱ እየጎተተ ሲያንቀሳቅስ ነጥቡ የቀልባሹን ፋንክሽን ግራፍ ጠብ ጠብ እያደረገ ይሥላል። ዋይ = ኤክስ የሚለውን መስመር ሲጨምር ደግሞ ሁለቱ ግራፎች በመስታወት ፊት እንደሚተያዩ ይገነዘባል። ሪፍሌክት የሚባለው ትእዛዝ ይህንኑ ነጸብራቅ በአንድ ጊዜ ይሠራል፤ እኔ ግን ተማሪው መጀመሪያ ነጥብ በነጥብ እንዲሠራው እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም (1፣ 5) የነበረው (5፣ 1) ሲሆን፣ መግቢያው መውጫ፣ መውጫውም መግቢያ ሲሆን የሚያየው በዚያ ጊዜ ነው።

አንዲት ተማሪ ያጋጠማት ነገር ይህን መሣሪያ እንድወደው ካደረጉኝ ምክንያቶች አንዱ ነው። የ2ኤክስ + 3ን ኢንቨርስ ኤክስ ÷ 2 − 3 ብላ ጻፈች፤ ማለትም ሁለቱን ቋጠሮዎች ፈታች፣ ነገር ግን በተቋጠሩበት ቅደም ተከተል ፈታቻቸው። በወረቀት ላይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ «ስሕተት» እላት ነበር፤ እሷም የት እንደተሳሳተች ሳታውቅ ታልፈው ነበር። የእሷን መስመር ከነጸብራቁ ጎን ስታስለው ግን ዝም ብላ ቆየችና «ቲቸር፣ ትይዩ ሆኑ እኮ፤ የኔ ብቻ ዝቅ ብሏል» አለችኝ። ልክ ነበረች። ሁለቱም መስመሮች ስሎፓቸው፣ ማለትም ያዘነበሉበት መጠን፣ ግማሽ ስለሆነ አይገናኙም፤ የእሷ መስመር በ1.5 ዝቅ ብሎ ይሄዳል። «1.5 ከየት መጣ?» ብዬ ስጠይቃት ራሷ ደረሰችበት፤ 3ቱ ለ2 መካፈል ነበረበት፣ እሷ ግን ሳይካፈል ቀንሳዋለች። ስሕተቱ ቦታና መጠን ያለው ነገር ሆኖ ታያት። እንዲህ ያለ እርማት የሚሰጥ መሣሪያ ብዙ አላውቅም።

ሁለተኛው የተለመደ ስሕተት ከምልክቱ የሚመጣ ነው። ከኤፍ ራስጌ የምትቀመጠዋን ትንሽ −1 ተማሪዎች እንደ ፓወር ስለሚያነቧት የ2ኤክስ + 3 ኢንቨርስ 1 ÷ (2ኤክስ + 3) ነው ይላሉ። በነገራችን ላይ ይህን የምልክት አጻጻፍ ለሳይንና መሰሎቹ ቀልባሾች እ.ኤ.አ. በ1813 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል ነው። የእኛም ቋንቋ በዚህ በኩል አያግዘንም፤ «ተገላቢጦሽ» የሚለውን ቃል 2/3ን ወደ 3/2 ለመገልበጥም፣ አንድን ሥራ ወደ ኋላ ለመመለስም እንጠቀምበታለን። እኔ በክፍል ውስጥ የመጀመሪያውን «ግልባጭ»፣ ሁለተኛውን «ቀልባሽ» እያልኩ መለየት ከጀመርኩ ወዲህ ግራ መጋባቱ በጣም ቀንሷል። ጂኦጀብራ ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስል ልዩነቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ ቀልባሹ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ግልባጩ ግን ኤክስ −1.5 ላይ ሲደርስ የሚበጠስ ባለ ሁለት ክፍል ኩርባ ነው። ደግሞም 5ን በግልባጩ ውስጥ ብናስገባ 1/13 እንጂ 1 አናገኝም። አንድ ቁጥር በግልባጩ ሲባዛ ውጤቱ 1 ነው፤ አንድ ፋንክሽን በቀልባሹ ውስጥ ሲገባ ግን ውጤቱ ኤክስ ራሱ ነው፣ ማለትም ሥራው እንዳልተሠራ ይሆናል። ይህ ልዩነት የገባው ተማሪ ምልክቷ ዳግመኛ አታታልለውም።

ትልቁ ፈተና ግን ኤክስ ስኩዌር ነው። ተማሪው ኤፍ(ኤክስ) = ኤክስ² ብሎ ሲጽፍና ነጸብራቁን ሲያስል ፓራቦላው ወደ ቀኝ ተጋድሞ ይመጣል። በዚህ ጊዜ ኤክስ = 9 የሚል ቀጥ ያለ መስመር እንዲጨምር አዘዋለሁ፤ መስመሩ የተጋደመውን ኩርባ በ3 እና በ−3 ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል። «9 ከየት መጣህ?» ተብሎ ሲጠየቅ ሁለት መልስ የሚሰጥ ነገር ፋንክሽን ሊሆን አይችልም። መጀመሪያውኑ 3ና −3 ተለያይተው ገብተው አንድ ዓይነት ሆነው ስለወጡ፣ የመጡበትን ለይቶ ለማወቅ የሚያስችል ፍንጭ በ9 ውስጥ አልቀረም። የአግድም መስመር ፈተና እያልን የምናስጠናው ነገር ትርጉሙ ይኸው ነው፤ አግድም መስመር የመጀመሪያውን ግራፍ ሁለት ቦታ ከቆረጠው ሁለት መግቢያዎች በአንድ መውጫ ተደባልቀዋል ማለት ነው። ጂኦጀብራ በዚህ ረገድ የሚመሰገንበት አንድ ዝርዝር አለው፦ የፋንክሽን ነጸብራቅ ሲሠራ ውጤቱን የሚያቀርበው እንደ ኩርባ እንጂ እንደ ፋንክሽን አይደለም። ነጸብራቅ ስለተገኘ ብቻ ኢንቨርስ ፋንክሽን ተገኘ ማለት እንዳልሆነ መሣሪያው ራሱ ይነግረናል። መፍትሔው ዶሜይኑን፣ ማለትም ወደ ፋንክሽኑ እንዲገቡ የሚፈቀዱትን ቁጥሮች፣ መገደብ ነው፤ ኤክስ ከ0 የሚበልጥ ወይም እኩል የሆነበትን ግማሽ ብቻ ስናስቀር ነጸብራቁም ግማሽ ይሆንና ስኩዌር ሩት ኤክስ ይወጣል፤ የግራውን ግማሽ ካስቀረን ደግሞ ቀልባሹ ኔጌቲቭ ስኩዌር ሩት ኤክስ ነው።

አሁን ጥንቃቄ ወደሚፈልገው ክፍል ልምጣ። ጂኦጀብራ ኢንቨርት የሚባል ትእዛዝ አለው፤ የፋንክሽኑን ስም በቅንፍ ውስጥ ብንጽፍለት ቀልባሹን በቀመር ይሰጠናል። የመተግበሪያው መመሪያ ስለዚህ ትእዛዝ ሁለት ነገር በግልጽ ያስጠነቅቃል። አንደኛው፣ ትእዛዙ ለዶሜይንና ለሬንጅ (ከፋንክሽኑ ለሚወጡት ቁጥሮች) ግምት አይሰጥም፤ ኤክስ ስኩዌርንና ሳይን ኤክስን የመሳሰሉት በዚህ ምክንያት በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። ሁለተኛው፣ በፋንክሽኑ ቀመር ውስጥ ኤክስ መገኘት ያለበት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። መመሪያውን ያላነበበ ተማሪ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ባለማወቅ ትክክል የሚመስል ግን ጎደሎ የሆነ መልስ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፣ ትእዛዙን ለጀማሪ ማሳየት አልመክርም።

ሁለተኛው ገደብ ግን፣ እንደ ጉድለት ቢታይም፣ ለእኔ ከመተግበሪያው ያገኘሁት ትልቁ የማስተማሪያ ርእስ ነው። ኤክስ አንድ ጊዜ ብቻ ሲገኝ ፋንክሽኑ በተራ የተቋጠሩ ቋጠሮዎች ስለሆነ ከመጨረሻው ጀምሮ መፍታት ይቻላል። ኤክስ² + 6ኤክስ + 5ን እንመልከት። ኤክስ ሁለት ቦታ ስላለ የመጨረሻው ሥራ 5 መደመር መሆኑ ቢታይም፣ እሱን ከቀነስን በኋላ የሚቀረውን ኤክስ² + 6ኤክስ በምን እንፍታው? ገመዱ እዚያ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ስኩዌሩን ስናሟላ ግን ይኸው ፋንክሽን (ኤክስ + 3)² − 4 ይሆናል፤ አሁን ሥራው 3 መደመር፣ በራሱ ማባዛት፣ 4 መቀነስ ብቻ ነው። ኤክስ ከ−3 የሚበልጥ ወይም እኩል ነው ብለን ከገደብነው፣ ቀልባሹ 4 መደመር፣ ስኩዌር ሩት ማውጣት፣ 3 መቀነስ ነው። 0 ብናስገባ 5 ይወጣል፤ 5ን ወደ ቀልባሹ ብንወስደው 9፣ ከዚያ 3፣ ከዚያ 0 ሆኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ተማሪዎች ስኩዌር ማሟላትን ከኳድራቲክ ምዕራፍ ጋር አብረው ዘግተውት ይሄዳሉ፤ እዚህ ግን ለምን እንዳስፈለገ ይታያቸዋል።

ስለ (ኤክስ + 1) ÷ (ኤክስ + 2)ም እንዲሁ ነው። ላይና ታች ያለውን ኤክስ አንድ ለማድረግ ፋንክሽኑን 1 − 1 ÷ (ኤክስ + 2) ብለን እንጽፈዋለን፤ መመሪያውም ለእንዲህ ያለው ፋንክሽን ፓርሻል ፍራክሽን የሚለውን፣ ክፍልፋይን ወደ ቀላል ክፍሎች የሚበትነውን ትእዛዝ ከኢንቨርት ጋር አጣምሮ መጠቀም እንደሚቻል ያሳያል። በእጅ ስንሠራው ቀልባሹ (2ኤክስ − 1) ÷ (1 − ኤክስ) ይሆናል። 0 ሲገባ ግማሽ ይወጣል፣ ግማሽ ሲገባ 0 ይወጣል።

አንድ ተግባራዊ ማስታወሻ ልጨምር፤ ሳላውቀው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አሳጥቶኛልና። መስታወቱ መስታወት የሚመስለው የሁለቱ ዘንጎች ስኬል 1፡1 ሲሆን ብቻ ነው። ተማሪ ግራፉን ለማየት ብሎ የአንዱን ዘንግ ስኬል ብቻውን ከሳበው ዋይ = ኤክስ 45 ዲግሪ መሆኑ ይቀርና ነጸብራቁ የተዛባ ይመስላል። የትምህርቱ መጀመሪያ ላይ ስኬሉን ወደ 1፡1 መመለስ ይገባል።

«ኤክስንና ዋይን አቀያይር» የሚለው ደንብ የሚሸፍነው ሌላም ነገር አለ፤ መለኪያውን። ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት የሚወስደው ፋንክሽን በ1.8 ማባዛትና 32 መደመር ነው፤ 25 ሴልሺየስ 77 ፋራናይት ይሆናል። ቀልባሹ 32 ቀንሶ ለ1.8 ያካፍላል። ነገር ግን ሁለቱን በአንድ ሰሌዳ ላይ ስናስል አግድም ዘንጉ ለአንደኛው ሴልሺየስ፣ ለሌላው ፋራናይት መሆኑን ካልተናገርን ሥዕሉ ትርጉም ያጣል። ጂኦጀብራ ይህን በራሱ አይነግረንም፤ ለዘንጎቹ ስም የምንሰጠው እኛ ነን፣ ማሰብም ያለብን እኛ ነን። ሁለቱ መስመሮች −40 ላይ መገናኘታቸው ደግሞ ለተማሪ የሚያስደስት ግኝት ነው፤ በዚያ ነጥብ ሁለቱም ቴርሞሜትሮች አንድ ቁጥር ያሳያሉ። ከዚህ ተነስተው ፋንክሽንና ቀልባሹ የሚገናኙት ዋይ = ኤክስ ላይ ብቻ ነው ብለው የሚደመድሙ አሉ፤ ትክክል አይደለም። ኔጌቲቭ ኤክስ ኪዩብን ከነጸብራቁ ጋር ያሰለ ሰው በ(1፣ −1) እና በ(−1፣ 1) ላይም ሲገናኙ ያያል።

ስለ ኤክስፖኔንሺያልና ስለ ሎጋሪዝም ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ 2ን ወደ ኤክስ ከፍ የሚያደርገው ፋንክሽን (3፣ 8)ን ሲይዝ ቤዙ 2 የሆነ ሎግ (8፣ 3)ን ይይዛል፣ የተቀረውን መስታወቱ ይነግረናል። ሳይን ግን የኤክስ ስኩዌርን ትምህርት ይደግማል። የ150 ዲግሪ ሳይን 0.5 ነው፤ 0.5ን ወደ ኋላ ብንመልሰው የምናገኘው 30 ነው፣ ምክንያቱም ቀልባሹ የተሠራው ከ−90 እስከ 90 ዲግሪ ላለው ቁራጭ ብቻ ነው።

ጥያቄውን በስልክ ካሜራ ፎቶ አንስተው መልስ ከሚሰጡ መተግበሪያዎች አንዱንም ለተወሰነ ጊዜ ከተማሪዎቼ ጋር ሞክሬአለሁ። መልሱ ከእነ ደረጃዎቹ ተዘርዝሮ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ደረጃ ሁልጊዜ «ኤክስንና ዋይን አቀያይሩ» ነው። ተማሪዎቼ የቤት ሥራውን ሁሉ ትክክል ሠርተው መጡ፤ ነገር ግን ኤክስ ስኩዌር ለምን መገደብ እንዳስፈለገው አንዳቸውም ሊያስረዱኝ አልቻሉም። ከጂኦጀብራ ጋር ሳወዳድረው የማየው ልዩነት ይህ ነው፤ ጂኦጀብራ ተማሪው ራሱ ግምት ሰጥቶ፣ አስሎ፣ ከነጸብራቁ ጋር አስተያይቶ እንዲፈርድ ቦታ ይተውለታል።

ስለዚህ ለመምህራንና ለወላጆች መተግበሪያውን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ምክሬ ግን ከቅደም ተከተል ጋር ነው። መጀመሪያ በወረቀት ላይ ቋጠሮውን መፍታት፣ ቀጥሎ ነጥብ እየጎተቱ አሻራውን ማየት፣ ከዚያ ነጸብራቁን ማስሳል፣ ኢንቨርት የሚለውን ትእዛዝ ግን ከሁሉ በኋላ፣ ተማሪው መልሱን መጠራጠር ሲችል መስጠት። ስልኩ ላይ ለሚሠራ ተማሪ ቀመር መጻፍ መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ በኮምፒውተር ላይ ይቀላል።

ባለፈው ሳምንት ይህን ቅደም ተከተል የጨረሰ አንድ ተማሪ ኢንቨርትን በኤክስ ስኩዌር ላይ ሞከረውና ስኩዌር ሩት ኤክስን አገኘ። እንዲያጣራ ስነግረው፣ መጀመሪያ ስኩዌር አድርጎ ቀጥሎ ሩት የሚያወጣውን ጥምር ፋንክሽን አሰለ፤ ዋይ = ኤክስ የሚለውን ቀጥ ያለ መስመር ጠብቆ ሳለ ስክሪኑ ላይ ሁለት ክንድ ያለው የአብሶሉት ቫሊዩ ግራፍ ወጣ። ግራ ክንዱን በጣቱ እየነካ «እዚህ −3 ገብቶ 3 ሆኖ ነው የወጣው፤ ወደ ቤቱ አልተመለሰም» አለኝ። ከዚያ ማንም ሳይነግረው ዶሜይኑን ወደ ግራው ግማሽ ገደበና ከሩቱ ፊት የኔጌቲቭ ምልክት ጨመረ፤ የግራው ክንድ ወደ ታች ወርዶ ዋይ = ኤክስ ላይ ተጋደመ።